የካፌው ዋይፋይ ወይስ የቢሮው ካሜራ? ፓስወርድ በኔትወርክ ላይ የሚጋለጥበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ዋይፋይ ሲወራ ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አይጠፋም። አንዱ «ካፌ ዋይፋይ ላይ ከገባህ አለቀልህ፣ ጎንህ የተቀመጠው ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ ፓስወርድህን ያነበዋል» ይላል። ሌላው ይስቃል። «ያ ድሮ ቀረ፣ አሁን ሁሉም ነገር የተመሰጠረ ነው፣ ማንም ምንም አያይም» ባይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ዋይፋይ ያለበትን ቤት ማወቅ ትልቅ ነገር ነበርና፣ ጉዳዩ ከአይቲ ሰዎች አልፎ የሁሉም ሰው ወሬ ቢሆን አይገርምም።

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ዛሬ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ የሚያልፍ ፓስወርድ የሚገኘው በአብዛኛው ሰው በሚፈራው ቦታ፣ ማለትም በፌስቡክ ወይም በባንክ መተግበሪያ ላይ አይደለም። ማንም ዞር ብሎ በማያየው ዕቃ ላይ ነው። የካሜራ መቅጃው፣ የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ፣ ፕሪንተሩ፣ ከዓመታት በፊት ተሠርቶ የተረሳው የቢሮ ሲስተም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ትራፊክ እንዴት እንደሚያዝ ማየት ያስፈልጋል።

ትራፊክ መያዝ ሲባል

በኔትወርክ ላይ የሚሄድ ነገር፣ ፎቶም ይሁን ደብዳቤ፣ ተቆራርሶ ነው የሚሄደው። እያንዳንዷ ቁራጭ ፓኬት ትባላለች። ከየት እንደመጣች፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ በየትኛው ፖርት እንደምትገባ ከላይዋ ተጽፎባታል፤ ፖርት የሚባለው አንድ ኮምፒዩተር የተለያዩ አገልግሎቶችን የሚለይበት ቁጥር ነው። ይዘቱ ከዚያ በታች ይመጣል። ትራፊክ መያዝ ማለት እነዚህ ፓኬቶች በሚያልፉበት ቦታ ላይ ሆኖ ቅጂ ወስዶ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የሚያልፈው ነገር አይቆምም፣ ላኪውም ተቀባዩም ምንም አይታወቃቸውም።

በሰፊው የሚሠራበት ፕሮግራም ዋየርሻርክ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ኔትወርክ የተማረ ልጅ ስሙን አያጣውም። ጄራልድ ኮምብስ እ.አ.አ. በ1998 ኢተሪያል በሚል ስም ያወጣው፣ በ2006 የአሁኑን ስም የያዘ ነጻ ፕሮግራም ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ቲሲፒደምፕ የተባለው ደግሞ ከእሱም አሥር ዓመት ይቀድማል። መሣሪያው አዲስም ድብቅም አይደለም ማለት ነው። የኔትወርክ ባለሙያዎች «ኢንተርኔቱ ለምን ተንቀራፈፈ?» የሚለውን ለማጣራት በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ለደህንነት ፍተሻ ሲሆን ጥያቄው ብቻ ይቀየራል፦ እዚህ ውስጥ ማንም ሊያነበው የሚችል የመግቢያ መረጃ አለ ወይ?

ተንታኙ ሚሊዮን ፓኬት አንድ በአንድ አያነብም። ምስጠራ የማያውቁ የቆዩ አገልግሎቶች የሚጠቀሙባቸው ፖርቶች የታወቁ ስለሆኑ መጀመሪያ እነሱን ለይቶ ያወጣል፤ 21 ለኤፍቲፒ፣ 23 ለቴልኔት፣ 80 ለኤችቲቲፒ፣ 110 እና 143 ለቆዩ የኢሜይል አሠራሮች። ዋየርሻርክ ራሱ በያዘው ፋይል ውስጥ ያገኛቸውን የመግቢያ መረጃዎች ከነፓኬት ቁጥራቸው የሚዘረዝር ሜኑ አለው። ቁራጮቹን ገጣጥሞ ሙሉ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ትዕዛዝም አለው።

በግልጽ ያለፈ ፓስወርድ ምን ይመስላል

ኤፍቲፒ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ሰርቨር ለመጫን የሚያገለግል የቆየ አሠራር ሲሆን፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ደንቡ የወጣው እ.አ.አ. በ1985 ነው። ተጠቃሚው ስሙን ይልካል። ሰርቨሩ 331 የሚል ቁጥር ይመልሳል፣ «ስምህን ተቀብያለሁ፣ ፓስወርድ አምጣ» እንደማለት። ቀጥሎ ፓስወርዱ ይመጣል፣ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል። መልሱ 230 ከሆነ ገብቷል፣ 530 ከሆነ አልገባም። ስለዚህ ፋይሉን የሚያነብ ሰው ፓስወርዱን ማየት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ መሆኑንም ሰርቨሩ ራሱ ያረጋግጥለታል።

ቴልኔት ትንሽ ለየት ይላል። ከሩቅ ሆኖ ስዊች (ኮምፒዩተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ዕቃ) ወይም ራውተር ለማዘዝ ይሠራበት የነበረ፣ አንዳንድ ቦታ አሁንም የሚሠራበት መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው በተየበ ቁጥር እያንዳንዷ ፊደል ብቻዋን በፓኬት ትሄዳለች፣ ሰርቨሩም የተቀበላትን ፊደል ስክሪን ላይ እንድትታይ መልሶ ይልካታል። በዚህ ምክንያት የተጠቃሚ ስሙ በተያዘው ፋይል ውስጥ ድርብ ድርብ ሆኖ ይታያል። ፓስወርዱ ላይ ሲደርስ ሰርቨሩ መመለሱን ያቆማል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ የሚተይበው ሰውም ተደበቀልኝ ብሎ ያስባል። ስክሪን ላይ አለመታየቱ ግን ገመዱ ላይ አልሄደም ማለት አይደለም። እንዲያውም ድርቡ ፊደል ነጠላ የሆነበት ቦታ ፓስወርዱ ከየት እንደሚጀምር ለአንባቢው በጣት የሚጠቁም ምልክት ነው።

ድረ ገጽ ላይም እንደዚያው። ፓስወርድ ስንጽፍ የምናያቸው ጥቋቁር ነጥቦች የሚከላከሉት ከትከሻችን በላይ ከሚያይ ሰው ብቻ ነው። ገጹ በኤችቲቲፒ የሚሠራ ከሆነ፣ ማለትም መጨረሻው ላይ «ኤስ» የሌለው ከሆነ፣ «ግባ» የሚለው ሲጫን ስሙና ፓስወርዱ ጎን ለጎን፣ በእኩል ምልክት ተለይተው፣ ተራ ጽሑፍ ሆነው ይሄዳሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ራውተሮችና ካሜራዎች የሚወዱት አንድ ሌላ አሠራር ላይ ነው። ገጹ ሲከፈት ብሮውዘሩ ትንሽ መስኮት አውጥቶ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ወደ ሌላ ፊደላት ቀይሮ ይልካል። የተያዘውን ፋይል ላየ ሰው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይመስላል። «ተመስጥሯል» የሚሉት ይህን አይተው ነው። አልተመሰጠረም። አማርኛን በላቲን ፊደል እንደመጻፍ ነው፣ ፊደሉ ተቀየረ እንጂ የሚያነብ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ለመመለስ ቁልፍ አይጠይቅም፣ ዋየርሻርክ ራሱ ፈቶ ያሳያል።

ከነዚህ ሌላ መካከለኛ ዓይነትም አለ። ዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ፋይል ሲጋሩ ፓስወርዱን ራሱን አይልኩትም፣ ከእሱ በስሌት የተገኘ መልስ ነው የሚልኩት። ይህን የያዘ ሰው ወዲያው አያነበውም፤ ግን ቤቱ ወስዶ ብዙ ቃላትን እየሞከረ ሊያዛምድ ይችላል። ፓስወርዱ የስልክ ቁጥር ወይም የድርጅቱ ስም ከሆነ ብዙም አይቆይም።

«ሁሉም ተመስጥሯል» ባዮች የት ድረስ ልክ ናቸው

ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው አሠራር ብሮውዘሩና ድረ ገጹ ንግግር ከመጀመራቸው በፊት ቁልፍ ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን መሃል ላይ ያለ ሰው ቢይዘውም አያነበውም። ይህ ዛሬ የተለመደ ነገር መስሎ ይታያል፤ ግን የቅርብ ጊዜ ለውጥ ነው።

እ.አ.አ. በጥቅምት 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚል የፋየርፎክስ ብሮውዘር ተጨማሪ ለቀቀ። በዚያን ጊዜ ብዙ ትልልቅ ድረ ገጾች የሚመሰጥሩት መግቢያውን ብቻ ነበር። ከገቡ በኋላ ተጠቃሚውን የሚያስታውስላቸው ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጹ ለብሮውዘሩ የሚሰጠው የማለፊያ ምልክት፣ በግልጽ ይመላለሳል። ፋየርሺፕ በክፍት ዋይፋይ ላይ ያንን ኩኪ ይዞ የሰውን ገጽ በአንድ ጠቅታ ይከፍት ነበር፣ ፓስወርድ ማወቅ ሳያስፈልግ። ሰውየው ያደረገው ባለሙያዎች ለዓመታት የሚያውቁትን የአደባባይ ምስጢር ማንም እንዲያየው ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተፋጠኑ። እ.አ.አ. በ2015 መጨረሻ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ አገልግሎት ለድረ ገጾች የምስጠራ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት ለብሮውዘሩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ሰነድ፣ በነጻ ማደል ጀመረ፤ እ.አ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ደግሞ የክሮም ብሮውዘር ኤችቲቲፒ የሆነውን ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ መለጠፍ ጀመረ።

ስለዚህ ሽምብጥ ሰፈር ካለ ካፌ ፌስቡክ ወይም ጂሜይል የሚከፍት ሰው፣ ብሮውዘሩ ማስጠንቀቂያ እስካላወጣ ድረስ፣ ጎኑ ያለው ልጅ ፓስወርዱን ያነባል ብሎ መጨነቅ የለበትም። ማስጠንቀቂያ ከወጣና «ቢሆንም ቀጥል» ብሎ ካለፈ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ*127# ቴሌብር ወይም በ*889# ንግድ ባንክ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጭራሹንም በዋይፋይ አይደለም የሚያልፈው፣ በሞባይል ኔትወርኩ ነው፤ በካፌው ዋይፋይ ላይ ትራፊክ የያዘ ሰው አያገኘውም። በነዚህ መንገዶች ገንዘብ የሚጠፋው በአብዛኛው ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» ለሚል ሰው በማመን ነው። ይህ ደግሞ በምስጠራ የሚድን በሽታ አይደለም።

ምስጠራው የማይሸፍነውም አለ። ይዘቱ ባይነበብም የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈትን የሚያሳየው ስም በአብዛኛው በግልጽ ያልፋል። ፓስወርድ አይደለም። ለአንዳንድ ሰው ግን እሱም ብዙ ነው።

የዋይፋዩ ፓስወርድ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

«የኛ ዋይፋይ እኮ ፓስወርድ አለው» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ፓስወርድ የሌለው ክፍት ዋይፋይ፣ አዲሶቹን ልዩ ዓይነቶች ትተን፣ በአየር ላይ ምንም ምስጠራ የለውም፤ አካባቢው ያለ ሁሉ ሊቀዳው ይችላል። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው በስፋት ባለው አሠራር አየሩ ይመሰጠራል። ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያንኑ ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው፣ ሌላው ሰው ሲገናኝ የሚለዋወጠውን የመጀመሪያ ሰላምታ ከያዘ፣ የዚያን ሰው ትራፊክ መፍታት ይችላል። አስተናጋጁን ጠይቆ ፓስወርድ ያገኘ ሁሉ ቁልፉ አለው ማለት ነው። እ.አ.አ. በ2018 የመጣው ደብሊውፒኤ3 ይህን ቀዳዳ ደፍኗል፣ ሁለቱም ወገን፣ ራውተሩም ስልኩም፣ የሚያውቁት ከሆነ።

በገመድ ላይ ሁኔታው ሌላ ነው። ድሮ ሃብ የሚባለው ዕቃ የደረሰውን ለሁሉም ያከፋፍል ነበር። ስዊች ግን ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል፣ ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ዋየርሻርክ የከፈተ ሰው በመሠረቱ የራሱን ትራፊክ ነው የሚያየው። ፈቃድ ያለው ተንታኝ ስዊቹን ከሌሎች ፖርቶች የሚያልፈውን ለአንድ ፖርት እንዲገለብጥለት ያዝዘዋል። ክፉ ያሰበ ሰው ደግሞ ሌሎቹን ኮምፒዩተሮች «ራውተሩ እኔ ነኝ» ብሎ አታሎ ትራፊኩ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ስዊች አለን ብሎ መተኛት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል

ለምሳሌ ያህል አንድ መካከለኛ ሆቴል እናስብ፣ ጀልባ ወደ ዘጌ የሚነሳበት አካባቢ። ለእንግዳ የሚሰጥ ዋይፋይ አለ። ሪሴፕሽን ላይ ኮምፒዩተር፣ ከጀርባው ፕሪንተር። በሩ፣ ኮሪደሩና መኪና ማቆሚያው ላይ ካሜራ፤ ካሜራዎቹ የሚቀዱበት ዲቪአር የሚባል ሳጥን ደግሞ ጠረጴዛ ሥር። ሁሉም አንድ ራውተር ላይ ናቸው፣ ከእንግዳው ስልክ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ስልኩን አውጥቶ በብሮውዘር ዲቪአሩን ይከፍታል። ገጹ ኤችቲቲፒ ነው። ስም «አድሚን»፣ ፓስወርዱ ደግሞ ካሜራውን የገጠመው ልጅ የሰጠው፣ ወይም የሆቴሉ ስልክ ቁጥር። እዚያው ዋይፋይ ላይ ትራፊክ የሚይዝ እንግዳ ካለ ከፌስቡክ ምንም አያገኝም፣ ከጂሜይል ምንም አያገኝም፣ ከዲቪአሩ ግን ሙሉውን ያገኛል።

ይህ የሚሆነው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዕቃዎቹ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ኤችቲቲፒ ላይ ተስተካክለው ነው። ኤችቲቲፒኤስ ቢከፈትላቸውም ሰርተፊኬታቸውን ማንም የማያውቀው ዕቃው ራሱ የሠራው ስለሆነ ብሮውዘሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ባለሙያው ደንበኛውን ላለማስደንገጥ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ለደህንነት ተብሎ የተሠራው ማስጠንቀቂያ ሰውን ደህንነት ወደሌለው መንገድ ይገፋዋል፣ የሚገርም ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ የገጣሚው ሥራ የሚያልቀው ምስል ሲመጣ ነው። ምስል መጣ፣ ሂሳብ ተከፈለ፣ ተሄደ። «የውስጥ ዕቃ ነው፣ ማን ያየዋል?» የሚለው አስተሳሰብም አለ፤ ኔትወርኩ ለማንኛውም ማኪያቶ ላዘዘ ሰው ክፍት እስከሆነ ድረስ ውስጥ የሚባል ነገር የለም።

የሚያስከትለው በካሜራ ብቻ አያበቃም። ያው ፓስወርድ የራውተሩም ከሆነ፣ ራውተሩ ውስጥ የገባ ሰው የድረ ገጽ ስሞች ወዴት እንደሚመሩ መቀየር፣ እንግዶችን ወደ ሐሰተኛ ገጽ መላክ ይችላል። ያው ፓስወርድ የኢሜይሉም ከሆነ የእንግዶች የፓስፖርት ኮፒና የቦታ ማስያዣ ደብዳቤ ሁሉ ይከተላል። አንድ ሰው አንድን ፓስወርድ በየቦታው የመጠቀሙ ልማድ ባይኖር ኖሮ የዲቪአር ፓስወርድ የዲቪአር ችግር ሆኖ ይቀር ነበር። ሆቴሉን አነሳሁ እንጂ ክሊኒክም፣ የግል ትምህርት ቤትም፣ የማኅበር ቢሮም ቢሆን ዕቃው ያው ነው።

ፈልጎ ማግኘት የማን ሥራ ነው?

እዚህ ላይ ሐሳብ ይለያያል። አንዳንዶች «የራሴን ድርጅት ኔትወርክ ልፈትሽ ማን ይከለክለኛል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ትራፊክ መያዝ በመሠረቱ የሰው ንግግር መጥለፍ ነው፣ ሠራተኛውና እንግዳው ሳያውቁ ፓስወርዳቸው አይቲ ክፍል ፋይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም ባይ ናቸው። የሁለተኞቹ ስጋት ቀላል አይደለም። ለፍተሻ ተብሎ የተያዘ ፋይል የዲቪአሩን ፓስወርድ ብቻ መርጦ አይዝም፤ ያለፈውን ሁሉ ይይዛል። በፍላሽ ተገልብጦ የትም ቢጣል አደጋው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትንና የሚተላለፍ ዳታን መጥለፍን በወንጀልነት አስቀምጧል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ አካል ለምን ዓላማና እንዴት እንደሚይዝ ግዴታ ይጥልበታል። ካፌ ተቀምጦ «ለልምምድ ነው» ብሎ የሰው ትራፊክ መያዝ ልምምድ አይደለም። መለማመድ የፈለገ የራሱን ሁለት ኮምፒዩተር አገናኝቶ የፈለገውን ኤፍቲፒ መክፈት ይችላል።

በእኔ ግምት ሚዛኑ ያለው ፈቃዱ ላይና ልኩ ላይ ነው። ፈቃዱ ከባለቤቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ኔትወርክ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ፋይሉን ማን ያየዋል፣ መቼ ይሰረዛል የሚለው ይግባበት። የእንግዳው ዋይፋይ ከፍተሻው ውጭ ይሁን፣ ችግሩ ያለው ቢሮው ዕቃ ላይ ነውና። ብዙ ጊዜ ፓስወርዱን ራሱን ማየትም አያስፈልግም። ዚክ የተባለው የኔትወርክ መከታተያ በራሱ አሠራር፣ ካልታዘዘ በስተቀር፣ በኤችቲቲፒ ያለፈውን የተጠቃሚ ስም መዝግቦ ፓስወርዱን አይመዘግብም። ለሪፖርት ይህ ይበቃል፦ ይህ ዕቃ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ስም፣ ያለ ምስጠራ መግቢያ ተቀብሏል። ያገኘውን ፓስወርድ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ የሚሞክር ተንታኝ ደግሞ ፍተሻውን ትቶ ወደ መግባት ተሻግሯል።

ከተገኘ በኋላ

የመጀመሪያው ስህተት ሮጦ ፓስወርድ መቀየር ነው። መንገዱ ሳይስተካከል የተቀየረ ፓስወርድ በዚያው በግልጽ መንገድ ያልፋል፣ አዲሱም ይያዛል። ቅደም ተከተሉ መንገዱ፣ ከዚያ ፓስወርዱ፣ ከዚያም ያው ፓስወርድ ያለባቸው ሌሎች ቦታዎች ሁሉ ነው።

መንገዱን ማስተካከል አንዳንዴ ቀላል ነው። ቴልኔት ያንኑ ሥራ በምስጠራ በሚሠራው በኤስኤስኤች ይተካል። ኤስኤስኤችን ታቱ ዩሎነን እ.አ.አ. በ1995 የሠራው ተመራማሪ የነበረበት የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ እየተያዘ ስለተሰረቀ ነበር፤ መፍትሔው የዚሁ ችግር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ኤፍቲፒ በተመሰጠረው ኤስኤፍቲፒ ይተካል፣ ኢሜይል ከ110ና 143 ወደ ተመሰጠሩት ፖርቶች ወደ 995ና 993 ይሄዳል። የቢሮ ሲስተም ካለ የድረ ገጹ ባለሙያ ሰርተፊኬት ያስገባለታል፣ ክፍያ የለውም።

አስቸጋሪው ኤችቲቲፒኤስ ጭራሽ የማያውቀው ዕቃ ነው። አዲስ ዲቪአር ግዙ ማለት ለሁሉም የሚሆን ምክር አይደለም፣ ዋጋው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ለብቻው ኔትወርክ ይሰጠዋል፤ ስዊቹ ከቻለ ቪላን በሚባለው መለያ፣ ካልቻለ ደግሞ ራውተሩ ላይ ያለውን «የእንግዳ ኔትወርክ» ከፍቶ እንግዶቹን ወደዚያ በማዛወር፣ እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገውን ምርጫም አብሮ በማብራት። ይህ በብዙ ተራ ራውተሮች ላይ አለ፣ የሚያበራው ሰው ነው የጠፋው። ካሜራውን ከውጭ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅም ዲቪአሩን ለኢንተርኔት ከመክፈት ይልቅ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ መሿለኪያ በኩል፣ ቢገባ ይሻላል።

ከዚያ ያው ፍተሻ ይደገማል፣ ያው ቦታ ላይ፣ ያው ሰዓት ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ካሜራውን እንደልማዱ እየከፈተ። 21፣ 23ና 80 ላይ የመግቢያ መረጃ ካልታየ ሁለቱም ፋይሎች ይሰረዛሉ። አሁንም ከታየ አንድ የተረሳ ዕቃ አለ ማለት ነው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ፕሪንተሩን ነው።